የሽንዲው ቀጥቃጭ ልጅና የቡሬው ወፍጮ

ቡሬ፣ ኅዳር 1959

እህተ ማርያም፣

ነገሩ የተበላሸው ትናንት አንዲት ባልቴት «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ነው። የአቶ ረዳን የናፍጣ ወፍጮ ጠግኜ አስነስቼው ነበር፤ ባልቴቷ የወረደውን ዱቄት በጣታቸው እያሹ «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል። «የሽንዲው ብረት ቀጥቃጭ የቸኮለ ልጅ ነኝ» አልኋቸው። ዱቄቱን ከጣታቸው አራገፉ። ከኋላቸው ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ «በዓይኗ በልታዋለች፤ ይኸ ለሰው አይሆንም» አለች። ሴቶቹ ሁሉ እህላቸውን ተሸክመው እቤታቸው በድንጋይ ሊፈጩ ተመለሱ።

አቶ ረዳ ሞተሩን አጥፍተው «የመምህር ልጅ ነኝ ብትይ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አዲስ አበባ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን ደውለው በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንዲላክላቸው ጠየቁ።

ጀርመን አገር የሠለጠንሁበትን ፋብሪካ የመሠረተው ሰው ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ስሙ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ሠራተኛው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሳ ያልፋል። እኛ ሞተሩን ከእነሱ እንገዛለን፣ ብረት የሚያውቀውን የራሳችንን ሰው ግን እንሸሸዋለን፤ ከዚያ «ለምን ወደ ኋላ ቀረን?» እያልን ስብሰባ እንቀመጣለን።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ባለቤትሽን ክንፈሚካኤልንም ሰላም በይልኝ። ነገ ፍኖተ ሰላም ሌላ ወፍጮ ልተክል እሄዳለሁ። አለቃችን በስልክ «እዚያ የአባትሽን ስም አትጥሪ» ብሎኛል። የአባቴን ስም ደብቄ ከእንግዲህ አንድ ብሎን አላጠብቅም።

ሲሳይነሽ ቸኮለ