ሙቢና ዘጠነኛ የገባች ሰሞን

መስከረም 4፣ እሑድ

ሙቢና ዛሬ ከኦጎልቾ መጣች። አንድ ሻንጣ፣ እናቴ የላከችው አንድ ፌስታል ቲማቲም። ትንሿ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ… እናቴ "አሰላ ይሻላታል፣ አንቺ ጋ ትሁን" ብላ ነው።

ዩኒፎርሟን ራሴ ሰፋሁት። መስከረም ሲመጣ እትዬ ቦጋለች ስፌት ቤት የሰው ልጅ ዩኒፎርም ሳሳጥርና ሳስረዝም ነው የምውለው። የራስን ሰው ልብስ መስፋት ግን ሌላ ነው። ከታች ትንሽ አተረፍኩለት። ታድጋለቻ።

"ፊት ወንበር ተቀመጪ።" "እሺ።" "ያልገባሽን ጠይቂ።" "እሺ ዜይቱ።" "ከሚያረፍዱ ጋር አትዋዪ።" "እሺ።" ሁሉንም እሺ። እየሰማችኝ ነው?

መስከረም 5፣ ሰኞ

እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። ዞር ብላ ሳታየኝ ገባች። ጎሽ አልኩ… ግን ትንሽ ከፋኝ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

"ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው" አለችኝ እራት ላይ። እስከ ስምንተኛ የተማረችው በኦሮምኛ ነው፣ እንደኔው።

"ትለምጂዋለሽ። ጠይቂ፣ አትፈሪ" አልኳት። እንዴት እንደሚቀልል ከአፍ ሲወጣ።

"ጠይቄ ነበር" አለች።  ሳህኑን አነሳሁ። ምን ሆነ ብዬ ለምን አልጠየቅኳትም?

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ትንቢት የምትባል ልጅ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። የሙቢና ክፍል ናት። ልኳን ስወስድ፣

"ሙቢና ተሻላት?" አለችኝ።

"ምን ሆና?"

"ከሰኞ ጀምሮ አልመጣችም… ታማ መስሎን።"

ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ። ትንቢት ፊቴን አይታ ደነገጠች፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ባዮሎጂ ላይ ሙቢና ጥያቄ ስትጠይቅ አንዱን ቃል አሳስታ ጠራችው። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ቃል እየጠሩ ያበሽቋታል።

"እኔም ስቄያለሁ" አለች አንገቷን ደፍታ።

እትዬ ቦጋለችን አስፈቀድኳቸው። "ሂጂ ልጄ፣ ቀሚስ ይደርሳል" አሉኝ።

ላይብረሪ አየሁ፣ የለችም። ያገኘኋት መናኸሪያ ነው። የኦጎልቾ መኪኖች የሚቆሙበት ጋ ተሳፋሪ መስላ ቁጭ ብላለች። ሦስት ቀን ሙሉ!

"ልትሄጂ ነው?"

"በየቀኑ ልሳፈር እልና… እማዬን ምን እላታለሁ ብዬ እቀራለሁ።"

ልቆጣት ነበር አመጣጤ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ትናንት እዚያ አግዳሚ ላይ ያልኳትን ልጻፈው። ለማንም ብዬው አላውቅም።

"ዘጠነኛን ያቋረጥኩት አባታችን ስለታመመ አይደለም።"

ቤተሰቡ የሚያውቀው ግን እሱን ነው። እናቴ እስከ ዛሬ "አባትሽ ባይታመም ኖሮ…" ትላለች። እውነቱ፣ እሱ ከመተኛቱ ከወር በፊት ነው ክፍል መግባት ያቆምኩት። መምህሩ የሚለው አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ተሳቀብኝ። መጀመሪያ አፌን ዘጋሁ፣ ቀጥሎ እግሬን ሰበሰብኩ። አባታችን ሲታመም ምክንያት አገኘሁ። አላህ ይዘንለትና፣ በሕመሙ ተደበቅኩ። ስምንት ዓመት።

ሙቢና ትክ ብላ አየችኝ።

"ታዲያ 'አትፈሪ' ስትዪኝ የነበረው?"

"እኔ ስለፈራሁ ነው።"

ደብተሯን ሰበሰበች። "ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

"እስከ ክፍሉ በር።"

ዛሬ ሄድን። ስለቀረችበት መምህሯን ይቅርታ ጠየቅን፣ ተቀበሉን። በመስኮት አየሁ… ትንቢት ከኋላ ተነስታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ለሙቢና ነግሬ ከእናቴ መደበቅ አልሆነልኝም። ደወልኩና ሁሉንም አልኳት።

"ይሄን ሁሉ ዓመት የሞተ ሰው ስታስወቅሺኝ?" አለችና ዘጋችው።

እውነቷን ነው።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

እናቴ ራሷ ደወለች።

"ሙቢና በላች?"

"በላች።"

"አንቺስ?"

"በልቻለሁ።"

"ደግ።" ሌላ ነገር አላለችም። "አንቺስ" ማለቷ በቃኝ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሙቢና ገና ከበር ወረቀት ዘረጋችልኝ። የባዮሎጂ ፈተና፣ ዘጠኝ ከሃያ። ቦርሳ ውስጥ አልቀበረችውም፣ አጥፋም አልያዘችውም።

"ሁለቴ እጄን አወጣሁ" አለች። "አንዱ ላይ ሳቁ። ጨርሼ ጠየቅኩ።"

ምክር ልሰጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ወረቀቱን መሐላችን አድርገን አንድ በአንድ አየነው። ኦስሞሲስ የሚል አለ፣ ምን ማለት ነው አልኳት። በኦሮምኛ አስረዳችኝ፣ ሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ለምን ውሃ እንደሚያወጣ…

"አልገባኝም" አልኳት።

አልሳቀችም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።

ሁለተኛው ላይ ገባኝ።