ቁልቁል የሚያድር መኪና

ጉንደ ወይን
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀነት አባት፣ ለውድ ባለቤቴ ለያሕያ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የሎጊያው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እዚህ የኅዳር ውርጭ ገብቷል፤ ጠዋት የሱቁን በር ስከፍት ብረቱ እጅ ይቆርጣል። እኔም ጀነትም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ በቁመት አልፋኛለች። ትምህርት ቤት የምትሄደው ያንተን ጃኬት ለብሳ ነው፤ እጅጌውን ማጠፍም ትታለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ሲሆን ነገሩ ጠንከር ሲል ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል። ወረቀት አይቆራረጥም። ወንድሜ ሙስዓብ ጤፍ ጭኖ ወደ አንተ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ሰድጄዋለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። መኪናውን አልሸጥኩም። "ቢያዝን የሚባል እህል ነጋዴ ከአምበር ይመጣል፣ ተነጋግረናል፣ ቁልፉን ስጪው" ብለኸኝ ነበር። ሰውየው መጥቷል፤ ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም። ተቆጣ፣ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበህ ተቆጣ።

አላህ ያውቃል፣ ሲጀመር ልሸጠው ነበር። የውሃ ቦቴ ልትነዳ ከሄድክ ጀምሮ ግራጫው መኪናችን ደጃፋችን ላይ ቆሞ ሁለት ክረምት አለፈበት። ሬሳ እንኳ ታጥቦ ነው የሚሸኘው ብዬ፣ ገዥው ከመምጣቱ በፊት ላጥበው ተነሣሁ። ከጀነት ጋር ኮፈኑን ስናነሣ የጋሽ ፈቃዱ ዶሮ ሞተሩ ላይ ጎጆ ሠርታ፣ እንቁላሏን ታቅፋ አገኘናት። ጎረቤታችን ጋሽ ፈቃዱ ወገባቸው ከታመመ ወዲህ መንዳቱን ትተው ደጃፋቸው ላይ ነው የሚውሉት፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ብቻ ይመረምራሉ። ዶሮዋን ልመልስላቸው ስሄድ ኮፈኑ መከፈቱን አዩና በርጩማቸውን አሸክመውኝ መጡ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ዘይቱን አይቼ እንደሆነ ነው። ለእኔ ዘይት ማለት ሱቅ ውስጥ በሊትር የምሸጠው ነው። መለኪያዋን መዝዤ ሳሳያቸው ጥቁር ሆኗል፤ በጣት ሲሹት ይሻክራል። "ይህን ይዞ ለሰው አይሰጥም፣ ነውር ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው አንዱ አንዱን እየጎተተ ሄደ። እሳቸው ማጎንበስ አይችሉም፤ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እኔ ማዳበሪያ አንጥፌ ሥሩ ገብቼ እሠራለሁ። የታችኛውን ቡሎን ስፈታ ዘይቱ የት እንደሚወርድ አላሰብኩበትም ነበርና በሻሼ ተቀበልኩት። ጀነት ስቃ ልትሞት። የተረፈውን አሮጌ ዘይት ጋሽ ፈቃዱ ለአጥራቸው እንጨት ወሰዱት፤ ምስጥ አይደፍረውም ይላሉ። አዲስ ዘይትና የዘይት ማጣሪያ ከደብረ ማርቆስ አስመጣሁ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ድንጋይ ላይ ሳራግፈው የመንገዱ አቧራ ሁሉ ወጣ።

ናፍጣውን ደግሞ ልንገርህ። ከመንገድ ዳር በጀሪካን ስትቀዳ ውሃ አለበት ብልህ ትስቅብኝ ነበር። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍቼ በብርጭቆ ስቀበል መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው። ጋሽ ፈቃዱ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ቢያዩት ውሃው ከታች ናፍጣው ከላይ ሆኖ ተለያይቷል። ይህን እየጠጣ ዳገት መውጣቱ ገረማቸው። ንጹሑ እስኪመጣ አፈሰስኩና፣ አየር ገብቶበት ስለነበር ከማጣሪያው አናት ያለችውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሜ ጫንኩ። መጀመሪያ ባዶ ነበረች። አየሩ ሲያልቅ እጄን እየገፋች መጠንከር ጀመረች።

በዚያ ሥራ መካከል ስለ አንተ ሳላስብ ግማሽ ቀን ያለፈበት ጊዜ ነበር። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያዬ ነው። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ሱቁ ግን አልወደደልኝም፤ ወይዘሮ የብርጓል የሸጥኩላትን ስኳር አሽትታ መለሰችልኝ። "እኔ ሻይ እንጂ ሞተር አላፈላም" አለችኝ።

ባትሪው መብራት ሲጠፋ ለሱቁ አምፖል ስለሚያገለግለኝ በሶላር ሲሞላ ነው የኖረው። መልሼ አስገባሁት። ቁልፉን ሳዞር ግን ቅጭ ብሎ ዝም። ጋሽ ፈቃዱ እዚህ ላይ ተስፋ ቆረጡ። የዚህ መኪና ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ ድሮ የሞተ ነው፣ ቁልቁል ካልተንደረደረ እንደማይነሣ አገር ያውቃል ብለው በርጩማቸውን ጎተቱ።

ያሕያ፣ ይህን ቤት ለምን እንደተከራየነው ታስታውሳለህ? መስጊዱ አጠገብ ሜዳው ላይ ያለው ቤት ግቢው ሰፊ፣ ውሃውም በደጁ ነበር። አንተ ሜዳ ላይ መኪናው አይነሣም ብለህ ይህን ዳገት መረጥክ። እኔም ስንት ዓመት ውሃ ሽቅብ ተሸከምኩ። ማታ ስትገባ መኪናውን አዙረህ፣ ጀርባውን ለቤቱ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥተህ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፈህ ታቆመዋለህ። ጠዋት ድንጋዩን በእግርህ ገፋ አድርገህ ትሄዳለህ። እኔ ከመስኮቴ የማየው ሁልጊዜ ጀርባውን ነው። ምን ይደረግ፣ ሞተሪኖው ነው እያልኩ ኖርኩ። ይመስለኛል አንተም ከእሱ ጋር ቁልቁል ማደር ለመድክ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ወጥቼ የባትሪውን ጥቁር ገመድ ከራሱ ጀምሬ በእጄ ተከተልኩት። ጨው ከምናስቀምጥበት ጥግ ያለው ሚዛን ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ብረት በዝገት ሲበላ እኔ ዐውቃለሁ። ገመዱ ከመኪናው የታች ብረት፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ቡሎን ጭቃና ዝገት ለብሶ፣ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል። ፈታሁት። ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት፤ መልሼ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁና ግራሶ ቀባሁት። የባትሪውንም ራሶች በፈላ ውሃ አጠብኩ። ከዚያ ገብቼ ቁልፉን ግማሽ አዞርኩና ቢጫዋ የሞተር ማሞቂያ መብራት እስክትጠፋ ጠበቅሁ። አንተ ጠብቀሃት አታውቅም፤ ናፍጣ ግን ችኩል አይወድም አሉ ጋሽ ፈቃዱ።

ተነሣ። ድንጋዩ ከጎማው ሥር እንዳለ፣ ማንም ሳይገፋው ተነሣ። ደጃፉ በጭስ ተሞላ፤ ጋሽ ፈቃዱ ወገባቸውን ረስተው መጡ፤ ጀነት ትዘላለች። እኔ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ለጀነት የደስታ ነው አልኳት። ለአንተ አልዋሽህም፣ የንዴት ነው። ሞተሪኖው ጤነኛ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ዳገት ላይ ያኖረን አንድ የላላ ቡሎን ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ብለህ ብታየው ኖሮ እያልኩ ነው ያለቀስኩት።

ቢያዝን የመጣው ቅዳሜ ነው። መጎተቻ ገመድ ይዞ፣ የሚገፉ ጎረምሶችም አስከትሎ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ አልጠላሁትም። ሞተሩን በቁልፍ ሳስነሣለት ጎረምሶቹ ገመዱን እያዩ ሳቁ፤ እሱም ሳልጠይቀው ዋጋ ጨመረልኝ። እኔ መኪናው የተሸጠው ተበላሽቷል ተብሎ ነው፣ አሁን ከዳነ ከያሕያ ጋር እንደ አዲስ እንነጋገርበታለን አልኩት። ግራ ገባው።

"እሱ እኮ በብልሽቱ አይደለም የሸጠልኝ" አለኝ። "ጉንደ ወይን አልመለስም፣ መኪናው ቆሞ ምን ያደርግልኛል ነው ያለኝ። ላንቺ አልነገረሽም እንዴ?"

ጎረምሶቹ መሬት መሬት አዩ። ጀነት ሱቅ ውስጥ ነበረችና አልሰማችም፣ አልሐምዱሊላህ።

"ለእኔ አልነገረኝም" አልኩት። "ለእኔ እስኪነግረኝ መኪናው የትም አይሄድም።"

ገመዱን ጠቅልሎ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። አየህ፣ የትዳሬን ወሬ ከእህል ነጋዴ ሰማሁ። ቢያዝን እስኪነግረኝ ድረስ ምንም አልጠረጠርኩም ብልህ ግን ውሸት ነው። የሚመለስ ሰው መኪናውን አይሸጥም። ቁልፉን ስጪው ስትለኝ ነው ሆዴ የነገረኝ።

ሌላም የማታውቀው ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ የተመላለስኩት ለሱቅ ዕቃ ብቻ አልነበረም። መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። የደበቅኩህ ስትመጣ መናኸሪያ ድረስ በግራጫው መጥቼ ልቀበልህ አስቤ ነው። ቢያዝን በሄደ በሳምንቱ ጨውና ሳሙና ጭኜ፣ ጀነትን ከጎኔ አድርጌ ለመርጡለ ማርያም ገበያ ነዳሁ። በተጋባን ሰሞን ሜዳ ወስደህ እንዳስተማርከኝ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳላበዛ በከባድ ማርሽ ወረድኩ። ድምፅህ ጆሮዬ ላይ ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበርክ፤ ይህን አልክድህም።

ስመለስ መኪናውን አላዞርኩትም። በቀጥታ ዳገቱን ወጥቼ ፊቱን ለቤቱ ሰጥቼ አቆምኩት። አሁን ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው ፊቱን ነው። ድንጋይህንም አልጣልኩትም፤ ከኋላ ጎማው ሥር አድርጌዋለሁ።

ሎጊያ ላይ ምን እንዳለህ፣ ማን እንዳለህ አልጠይቅህም። ደክሞህ ከሆነ ና። ባዶ እጄን እንዴት እመለሳለሁ ብለህ አፍረህ ከሆነም ና፤ እጅህን የሚያይ የለም። እወድሃለሁ፣ ያሕያ። ይህን በስልክ ብልህ ኖሮ ኔትወርኩ ይቆረጥ ነበር።

ትርፍ ቁልፉ አንተ ጋ ነው። ሙስዓብ እዚያ ሁለት ሌሊት ያድራል። የምትመጣ ከሆነ ቁልፉን ኪስህ ውስጥ አቆየው። የማትመጣ ከሆነ ለሙስዓብ ስጠው፤ ለዘኪያ አድርስ ብትለው ይበቃል፣ እሱ ምንም አያውቅም። ደብዳቤ መጻፍ አይጠበቅብህም። ለጀነት የምነግራትን እኔ ዐውቃለሁ።

በዚያ በረሃ ለስንቱ ውሃ ታደርሳለህና አላህ ላንተም ጥላ አያሳጣህ። መንገድህን ቀና፣ ጤናህን ሙሉ ያድርግልህ። ጀነት ጃኬትህን እንዳትጠይቀኝ በይልኝ ብላለች።

ቁልፉ እስኪመጣ ድረስ ባለቤትህ፣
ዘኪያ