ዘፈናቸውን ሁሉ በወግዲ መንገድ የፈተኑት የአርቲስት አጥናፉ ያለው የሕይወት ታሪክ

ከአባቷ በቀር የማንንም ምክር የማትሰማውን የሟች ልጅ እድላዊትን ከዛሬ ወዲያ ማን ይመክራት ይሆን? ለቀብር በመጣ ሕዝብ ፊት ይህ መነሣት አልነበረበትም። ነገር ግን የሟች እናትና የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወይዘሮ አመለወርቅ ጥያቄውን ከልባቸው ማውጣት አልቻሉም። በዚሁ ይቀመጥና ወደ ልደታቸው እንለፍ።

አርቲስት አጥናፉ ከአባታቸው ከአቶ ያለውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመለወርቅ በ1968 ዓ.ም በመካነ ሰላም ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም ነበርና እናታቸው ዲዳ ይሆን እንዴ ብለው እስከ ክርስትናቸው ሰግተዋል። ከክርስትናቸው በኋላ ግን ሰፈሩ እንቅልፍ አጣ።

ለትምህርት ሲደርሱ አስኳላውን እየተማሩ፣ ከየኔታ ኒቆዲሞስ ዘንድ ዜማ ይቀጽሉ ነበር። በጎረቤታቸው በሼህ አሕመድኑር ቤት የዱዓና የመንዙማ ሀድራ ሲሆን ደግሞ አጥር ሥር ተቀምጠው ድቤውን ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ በግንቦት ልደታ ማሕሌት ከበሮ ቢሰጣቸው እጃቸው ሳያስቡት የድቤውን ምት መታና ወረቡ ተዘበራረቀ። የኔታ “ይህ ልጅ የአሕመድኑርን ቤት እንዳለ ይዞብን ገባ” ቢሉ፣ ካህናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሼህ አሕመድኑርም ወሬውን ሰምተው “እኛ ዘንድ ሲመጣ ደግሞ የናንተን ይመታል፤ አትመኑት” ብለው ላኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ከበሮ የሰጣቸው የለም። በኋላ አገር የወደደላቸው ምት ግን ያ የተሳሳተው ምት ነው።

በ1986 ዓ.ም ለማንም ሳይናገሩ ደሴ ገቡ። እናታቸው መናኸሪያ ወጥተው ያልጠየቁት ሾፌር አልነበረም። በየሆቴሉ ሲዘፍኑ ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ተሻገሩ፤ በ1993 ዓ.ም “ዳገቱ ላይ ጠብቂኝ” የተሰኘው የመጀመሪያ ካሴታቸው ወጣ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር፤ ደሴ ናቸው ሲባል ጎንደር፣ ጎንደር ናቸው ሲባል ሐዋሳ ይገኛሉ። እናታቸው ደውለው “በላህ ወይ? አንገትህን ሸፍነሃል?” ይሏቸዋል። “እማዬ፣ መድረክ ላይ እየወጣሁ ነው” ብለው የዘጉባቸው ቀን ብዙ ነው።

በ1996 ዓ.ም ከወይዘሮ ሄለን ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን እድላዊትን ወለዱ። ወይዘሮ ሄለን በ2004 ዓ.ም በሞት ሲለዩ ሕፃኗ ወደ መካነ ሰላም መጥታ በአያቷ እጅ አደገች።

በ2006 ዓ.ም ጉሮሯቸው ታመመና ሐኪም መዝፈን ከለከላቸው። እናታቸው አሁንስ አርፈው ይቀመጡልኛል ብለው ነበር፤ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ከፍተው ፕሮዲዩሰር ሆኑ፣ የብዙ ወጣቶችንም ዘፈን ሠርተው ለሕዝብ አደረሱ። ያላለቀ ዘፈን በፍላሽ ይዘው ወደ መካነ ሰላም ይመጡና የወግዲ መስመር ሚኒባስ ለሚነዳው ለፋሩቅ ይሰጡታል። ሳይነገረው ድምፁን ከፍ ካደረገው ዘፈኑ አለቀ ማለት ነው፤ ዘፈኑ እየተሰማ ስልክ ካነሣ እንደገና ይሠራል። አንዱን ሲመልስላቸው “ጋሼ፣ ይቺ ለአስፋልት የተሠራች ናት፤ የኛን ጉድጓድ አትችልም” ብሏቸዋል። እውነትም አዲስ ምት ገብቶላት ወጣች።

በ2017 ዓ.ም ወይዘሮ አመለወርቅ ለልቅሶ ወደ ወግዲ ሲሄዱ በዚያው ሚኒባስ ተሳፈሩ። አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ምንም ሙዚቃ አልገባበትም፤ ድምፅ ብቻ ነው። “ፋሩቅ፣ እስቲ ከፍ አድርጋት፤ ይቺ የማን ልጅ ናት?” አሉ። ፋሩቅ በመስታወቱ አያቸውና “እማማ፣ አላወቋትም እንዴ? እድላዊት እኮ ናት” አላቸው። ሲመለሱ ግን “አንድ የማላገኘው ልጅ ይበቃኛል፤ እሷን ተውልኝ፣ ነርስነቷን ትጨርስ” ብለው ልጃቸውን ተቆጡ። አርቲስት አጥናፉ አልተከራከሩም። “አንቺው ነሽ ከፍ አድርጋት ያልሽው” ብቻ አሉ።

በዚያው ዓመት ሕመማቸው ጸና። በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። ድምፃቸው ሲሰልል እናታቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው “ልጂቱ ትሂድ፤ ስቱዲዮው ይጠብቃታል” አሉ። እናታቸው “እስቲ ቀና በል፣ ከዚያ እንነጋገራለን” ብለው መለሱ። ሳይነጋገሩበት፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ድምፅ ሰጥቶ ድምፅ የሚወስድ አምላክ ነፍሳቸውን መንከራተት በሌለበት ያሳርፍልን። ክርስቲያኑም እስላሙም ሳትለዩ ላስታመማችሁ፣ ዱዓ ላደረጋችሁ፣ ድንኳን ለተከላችሁ ሁሉ ብድሩን በደስታ ይክፈልልን፤ አሚን።

አርቲስት አጥናፉን በሞት ያጡት እናታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ወንድማቸው አቶ አወቀና ልጃቸው እድላዊት ናቸው። ይህ ክፍል በወይዘሮ አመለወርቅ ቃል በአቶ አወቀ እጅ ሲጻፍ ቤተሰቡ ሁሉ ቤት ውስጥ ነበር። አቶ አወቀ “እድላዊት ምን ተብላ ትግባ? የነርስነት ተማሪ ልበል?” ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አመለወርቅ “ድምፃዊት በል” አሉ።

“እርግጠኛ ነሽ፣ እማዬ?”

“ጻፈው። ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ጻፈው።”

አቶ አወቀ ጻፉት፤ ድምፃዊት እድላዊት አጥናፉ ብለውም ጮክ አድርገው አነበቡት። እድላዊት ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ የአያቷን ጉልበት ሳመች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ለቀስተኛው ወዳለበት ድንኳን ወጣች።