በጋሼ ግርማ ባጅ

ሰኞ፣ ኦገስት 4፣ 2008

የመጋዘኑ ስካነር ዛሬም ለጋሼ ግርማ እምቢ አለ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጽሑፉ ያንስባቸዋል፤ ቁልፎቹ ይምታቱባቸዋል። ካለፈው ወር ወዲህ ወረቀት ቀርቷል። መጀመሪያ ባጃችንን፣ ቀጥሎ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን መለያ ስካን እናደርጋለን። ማን፣ ምን፣ በስንት ሰዓት እንደ ጫነ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል።

ትልቅ ሰው ሲቸገር ቆሜ ማየት አልሆነልኝም። እንደ ሁልጊዜው ባጃቸውን ተቀብዬ የእሳቸውንም እኔው ሠራሁ። እሳቸው ከባድ ከባዱን ሣጥን አሰሩልኝ። “ተባረኪ፣ አንቺ ልጅ።” አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ሃያ ሁለት ሣጥን። ለመጨረሻው፣ ሣጥን የሚያነሳው ፎርክሊፍት ዘገየ። እግሬ አብጧል። ሣጥኑ ሳይነሳ “ተጭኗል” ብዬ ስካን አድርጌ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ከተማችን ግራንድ ፕሬሪ 103 ዲግሪ ፋራናይት ገብታለች። መጋዘኑ ይብሳል። የምናሽገው ደግሞ በብርድ የማይሰነጠቅ የቧንቧ ጎማ፤ ከአላስካ ወዲያ፣ በረዶ ባሕር ላይ ነዳጅ ለሚያወጡ ሰዎች።

ሐሙስ

ከወደቡ ኢሜል መጣ። የደረሰው ሃያ አንድ ነው። መርከቧ ቅዳሜ ትነሣለች። ካመለጠችው ባሕሩ በበረዶ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ለከርሞ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ጋሼን ጠራ። የመጨረሻው ሣጥን በእሳቸው ስም ነው። ኮምፒውተር አይዋሽም አላቸው። ዋሽቷል፤ ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ “አዎ፣ እኔ ነኝ” ብቻ አሉ። የሥራቸው ጉዳይ ነገ ይወሰናል።

ስካነሩን ይዤ መጋዘኑን ዞርኩ። ከምሰሶው ጀርባ ጮኸ። ሣጥኑ እዚያው ነበር። ከሰዓት በአውሮፕላን እንዲሄድ ወደ ዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያ ወሰዱት።

ያስቀረሁት እኔ መሆኔን ግን አልተናገርኩም። የቤተሰቡ የሕክምና ኢንሹራንስ የሚገኘው በእኔ ሥራ ነው።

ዓርብ

ጋሼን ስካነሩ ስለሚያስቸግራቸው በባጃቸው የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። በሰው ባጅ መሥራት ክልክል ነው፤ ባጅ መስጠትም። ስለዚህ ሁለታችንንም ወደ ቤት ላከን። ሰኞ ይደወልልናል።

ጋሼ ፓርኪንግ ላይ ጠበቁኝ። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።

“ሥራውን ልጣ ብዬ ቆርጬ ነበር። ማሽን አይችልም መባሌን ግን ማን ንገሪ አለሽ?”

“እኔ ነኝ” ሲሉ እኔን የሸሸጉ መስሎኝ ነበር። እሱም አለበት፤ እሱ ብቻ ግን አልነበረም።

እሑድ

ፎርክሊፍቱን የሚነዳው ልጅ ደወለ። ሣጥኑ በጊዜ ደርሷል፤ መርከቧ ይዛው ሄዳለች። ስለ እኛ የሰማው የለም።

ቀጥሎ ጋሼ ደወሉ። ሰላምታ የለም። “ቢጫው ቁልፍ በየት በኩል ነው ያልሽኝ?”

የስካነሩን ፊት ካርቶን ላይ ቁልፍ በቁልፍ ሣልኩና ቤድፎርድ ወዳለው ቤታቸው ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ባጅ፣ ቢጫ፣ ሣጥን፣ አረንጓዴ። ሦስት ጊዜ ሳቱ። እጄ ሊያሳይ ሲነሳ ጭኔ ስር ከተትኩት።

አራተኛውን ራሳቸው አገኙት።