ከቀይዋ ዶሮ ሥር የተነበበ ትኩሳት

እንቅፋት አይንካህ ልጄ። ቀጥሎ ያለውን ከባድ ዜና ተቀምጠህ ስማ፦ ቀይዋ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። የሰውነቴን ሙቀት እያነበበ ባሕር ማዶ ስልክህ ላይ እንዲያሳብቅብኝ አልጋዬ ራስጌ የሰቀልከው ሴንሰርም በስህተት ከሥሯ ገብቶ ነበር።

አንተ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ብታይ ጊዜ «እማዬን አተኮሳት!» ብለህ ጎረቤታችንን ነርሷን ሰደድክብኝ። ግንባሬን ዳብሳ፣ «እትዬ፣ እርስዎ እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል፤ ትኩሳቱ የማን ነው?» ስትል ዶሮዋ ከጥግ አጉረመረመች። ወዲያው አንተ ደወልክ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅህን ሰማሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ሳትደርብ አትውጣ። በሄድክበት መውደድን ይስጥህ፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን ሳልታመምም ደውል።

እናትህ

ማረሚያ፦ ከላይ «በስህተት» ተብሎ የተጻፈው «ልጅ እንዲደውል ታስቦ» በሚል ተስተካክሎ ይነበብ።