ደጃፌ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ

ለተከበሩ የክፍለ ከተማችን የቤት ጉዳይ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ ደኅና፣ በተለይም የዓይንዎ ብርሃን እንደተጠበቀ ይቆይልኝ ዘንድ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ማየት የተሳነኝ፣ ጣና ዳር ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር ባንቺአየሁ የተባልሁ ተከራይ ነኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርሁበትን ቤት በእርስዎ ትብብር ስለለቀቅሁ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፦ የቤቱ ባለቤት አቶ አዘዘ ግቢውን አፍርሰው ሱቅ ለመሥራት በጠየቁ ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ተከራይ ሳይሰማ ላለመወሰን ያሳየውን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። «ተቃውሞ ያለው ተከራይ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያመልክት» የሚል ወረቀት የግቢያችን በር ላይ ለጥፋችሁልኛል። በሩን በመዳፌ ዳብሼ ስለምከፍት ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀን አግኝቼዋለሁ። የሐዘን ማስታወቂያ መስሎኝ «ነፍስ ይማር» ብዬ አለፍሁ። ለካስ የራሴ ኖሯል።

ሁለተኛ፦ ጎረቤቴ ናኢማ ጎርጎራ ካለችው እህቷ ዘንድ ከወር በላይ ሰንብታ ስትመለስ አነበበችልኝ፤ ቀኑ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። በማግስቱ ክንዴን ይዛ ቢሮዎ አደረሰችኝ። መዝገብ ያዥዋ «በጊዜው ዝም ስላሉ እንደተስማሙ ተቆጥሯል» አሉኝ። ዓይነ ስውር መሆኔን ባስረዳቸው ደግሞ «ማስታወቂያው እኮ በትልልቁ ነው የተጻፈው፣ እትዬ» ሲሉ አጽናኑኝ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አምስት ቀን ተመላለስሁ፤ ስብሰባው አላለቀም። ለሕዝብ ያለዎት ትጋት ገርሞኛል።

ሦስተኛውን በቁጥር ማስፈር ይቸግረኛል። ከዚያ ቤት እስከ ትምህርት ቤቴ ማንንም ሳላስቸግር ብቻዬን እሄድ ነበር። የጣና ነፋስ ግራ ጉንጬን ሲነካኝ መታጠፊያው ጋ መድረሴን፣ የዓሣ ሽታ ሲመጣ ወደ ትምህርት ቤቱ በር መቃረቤን አውቃለሁ። አሁን በመራዊ መውጫ ባገኘኋት ክፍል ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ ገና አልለየሁም። ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ የአላፊ አግዳሚውን ኮቴ አዳምጣለሁ። «ልጄ፣ እስከ ታክሲው ብታደርሺኝ» እላለሁ፤ አንዳንዴ ትሰማኛለች፣ አንዳንዴ ኮቴዋ ይፈጥናል። በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን አረፈድሁ። ርእሰ መምህሩ አልተቆጡም፤ ስሜን መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩ ግን የብዕራቸው ድምፅ አስፈርቶኛል። ምን ማድረግ እንደሚገባኝ አላውቅም። ቤቴን ይመልሱልኝ ብዬም አልጽፍም፤ ባለፈው ማክሰኞ ፈርሷል።

ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ ወንበርዎም እንዲጸናልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ተከራይ፣
መምህርት ባንቺአየሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአዲሱ ሰፈሬ መንገድ ላይ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ጎረቤቶቼ ከሩቅ ሆነው ሊያስጠነቅቁኝ እንዲመቻቸው በማዕረግዎ ሰይመውታል፤ «መምህርት፣ ኃላፊው ጋ ደርሰዋል፣ ወደ ቀኝ ይበሉ!» ይሉኛል። እስካሁን ኃላፊ ፊት የቀረብሁት እዚያ ብቻ ነው።