ለመርዶ የተገዛ ሶፋ

እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን 1983

ጋሼ ፈረደ ሳሎናችንን በእርምጃ ለኩት። ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰባት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አምስት። መስኮቱ ዙሪያ በሚሳይሉ ጦርነት ጊዜ የመርዝ ጋዝ እንዳይገባ የለጠፍነው ፕላስተር ሙጫው አልለቀቀም፤ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉትና ተዉት። ከዚያ ዞረው የብረት አልጋዎቹን አዩ። እዚህ አገር ስንገባ የተሰጡን ናቸው፤ ቀን ቀን ብርድ ልብስ አልብሰን እንቀመጥባቸዋለን። መሐላቸው ረግቧል።

«ስንዱ፣ እዚህ ላይ ሽማግሌ አይቀመጥም» አሉኝ። «ሶፋ ግዢ። ጠንካራ ይሁን። ከሐይፋ፣ ከአፉላ፣ ከቤርሼባ ሰው ይመጣል። ሰባት ቀን ሙሉ ባዶ አይሆንም።»

የባሌን የታከለንም ፎቶ ከግድግዳው እንዳወርድ አዘዙኝ።

መርዶው ሐሙስ ማለዳ ነው። የባሌ እናት እማማ ጥሩ በትልቁ የአውሮፕላን ጉዞ ከመጡ ወር አልሞላቸውም፤ ኢየሩሳሌም አንድ ሆቴል ውስጥ ናቸው። ልጃቸው ታከለ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ከሞተ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው። አልተነገራቸውም። ረቡዕ ወንድማቸው ጋሼ ፈረደ ሄደው ያመጧቸዋል፤ እሳቸው ቤት ያድራሉ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ «የታከለን ቤት እናሳይሽ» ብለው ወደዚህ ይዘዋቸው ይመጣሉ።

መርዶ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ አይነገርም። እሳቸው አገር ቤት፣ ዘመዱ ሁሉ እዚህ ነበር፤ ማን ይንገራቸው? ሆቴሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይስቃል፣ ዝም ይላል። ፊቴ እንዳያሳብቅ ብለው እኔን እስካሁን ወደሳቸው አላስጠጉኝም።

ሌላው ሰው ያደረገው ዝም ማለት ነው። የኔ ዝምታ አይደለም። ስድስት ዓመት በሞተው ባሌ ስም ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። ጋሼ ፈረደ አያውቁም። ልጄ አስቴርም አታውቅም። በዚህ ደብተር እንኳ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ከፋብሪካ ወጥቼ ከአስቴር ጋር አሮጌው ገበያ፣ ሚግዳል ሄድን። ሦስት ሱቅ። ያየሁት፦

ቀይ ከፋይ፣ እግሩ ወርቅማ። ስቀመጥበት ጮኸ።

ነጭ፣ ቆዳ መሳይ። አስቴር ወደደችው። ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ የምውል ሴት ይህን አትገዛም፤ በዓመቱ ይተረተራል።

አረንጓዴ ባለአበባ። ከታች እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። እንጨት አይደለም፣ በሙጫ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው።

አስቴር ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰው ፊት ሶፋ ስገለብጥ ታፍራለች። «ዲ፣ ኢማ! እናቴ፣ ይበቃል! ሶፋ ነው የምትገዢው ወይስ በሬ?»

ሦስተኛው ሱቅ ባለቤቱ ኒሲም የሚባሉ የሞሮኮ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ስገለብጥ ዝም ብለው አዩኝና መጥተው በሌላኛው በኩል ያዙልኝ። አንድ ቡናማ ሶፋ አሳዩኝ። ወጥ እንጨት፣ ማእዘኑ በብሎን የታሰረ፣ ከሥሩ ሽቦ ጥቅልል፣ ልብሱ ዚፕ ያለው፣ ወልቆ የሚታጠብ። ስፌቱ ድርብ ነው። መዳፌን ስፖንጁ ላይ ጫንኩት፤ ሳነሣው ወዲያው ተመለሰ።

«ሠርግ ነው?» አሉኝ።

«እንግዳ አለብን።»

«እንግዳው ቶሎ እንዲሄድልሽ ከፈለግሽ ደረቁን ግዢ። እንዲቆይ ከፈለግሽ ለስላሳውን።»

አስቴር ሳቀች። ከመርዶው በኋላ እማማ ጥሩ ከኛ ጋር ይኑሩ ተብሏል። ይህ ሶፋ ለቀስተኛው ሲበተን የሳቸው አልጋ ነው፤ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ። ደብዳቤዎቹን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ሲያውቁ በዚህ ቤት አንድ ቀን ያድሩ እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።

«ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። እዚህ በገባን በጥቂት ወር ከእማማ ጥሩ ደብዳቤ መጣ። ጎረቤት አነበበልኝ፦ «ታከለ በእጁ ይጻፍልኝ። እጁን ካላየሁ አላምንም።» እኔ ያኔ ፊደል አላውቅም። ታከለ ግን ተማሪ ነበር፤ ከነልብሱ የቀረኝ አንድ ደብተሩ ነው። ያንን ደብተር ዘረጋሁና ሀ የሚመስለውን ሀ እያልኩ፣ ጎረቤቴን እየጠየቅሁ፣ ሌት ተቀን ቀዳሁ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። በጎረቤት እጅ ማስጻፍ እችል ነበር፤ ግን ምስክር ፈራሁ። ሰው «ስንዱ ጎበዝ፣ ራሷን አስተማረች» ይለኛል። ማንበብ የተማርኩት ለመዋሸት ነው። ዛሬ መጽሐፍ ሳነብ እንኳ ይህ ነገር ከመስመሮቹ ሥር ይታየኛል።

እጄም የሱን እጅ ይመስላል። ይህም ጽሑፍ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ስልክ ጮኸ።

«ስንዱ ነሽ?»

ድምፃቸው ወፍራም ነበር፤ ቀጥኗል። ቁጥሩን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም።

«ነኝ እማማ። እንዴት ነዎት?»

«ታከለን አቅርቢልኝ።»

«ሥራ ሄዷል።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ሩቅ ነው፣ ኤይላት ነው የሚሠራው። ለሐሙስ ይደርሳል።»

ከኋላቸው የሆቴሉ ሕፃናት ሲጮኹ ይሰማኛል።

«ለሐሙስ» አሉ። «ይሁን። ዕቃ አትያዙ ሲሉን ሁሉን ትቼ ነው የመጣሁ። ደብዳቤዎቹን ብቻ በመቀነቴ ጠቅልዬ ገባሁ። ዐሥራ አንዱንም።»

ስልኩን ሳስቀምጥ እጄን አየሁት። በወረቀት ስዋሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። በአፌ ስዋሽ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ዐሥራ አንዱንም ይዘዋል። ሐሙስ ለቅሶው ሲነሣ፣ የልጃቸውን ወረቀት ከጉያቸው አውጥተው ሲያለቅሱበት ይታየኛል። ጋሼ ፈረደ ፊደል ያውቃሉ። ወረቀቱ ላይ ቀን አለ። ከሞተ በኋላ የተጻፈ፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ ስድስት ዓመት በኋላ። በሽማግሌዎች ሁሉ ፊት።

ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሰበርኩ። ሁለት ጊዜ።

ሳይመሽ ኒሲም ሱቅ ሄጄ ቡናማውን ገዛሁት። «ሃያ ዓመት አትነኪውም» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ሶፋው መጣ። በነጭ ናይሎን ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሎ ሁለት ሰዎች በትከሻቸው አወጡት። የታችኛው ቤት ሴትዮ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ መንገድ ለቀቀች፤ ሲያልፍ ድምፅ አላሰማችም። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ታከለን ሲወስዱት አልተከተልኩም ነበር። ከመጠለያው ሰው እንዳያየን ብለው በጨለማ ቀብረውት መጡ።

ሶፋውን መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ናይሎኑን አስቴር ልታወልቀው ስትል ከለከልኳት። ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ሁሉንም።

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። «ኢማ፣ ኩሽና ቁጭ ብለሽ የምትጽፊው... እኔ የምታጠኚ ነበር የሚመስለኝ። ለሞተ ሰው ነበር የምትጽፊው?»

«ለሱ አይደለም። በሱ ስም።»

በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረች፤ ፈጥና ስለተናገረች ግማሹ አመለጠኝ። ከዚያ ቆመች።

«ስለኔስ ምን ብሎ ጻፈ?»

ጻፈ አለች። ጻፍሽ አላለችም።

«ሒሳብ እንደሚያስጠናሽ። እዚህ ባሕሩ ዳርቻ እንደወሰደሽ፤ እዚያ ፓርኩ ውስጥ የድሮዎቹ ምሰሶዎች ላይ አውጥቶ እንዳስቀመጠሽ። ጫማሽ እንደጠፋ።»

«ጫማዬ ጠፍቶ ነበር?»

«አንቺ ስታለቅሺ እሱ ሳቀ።»

ከነናይሎኑ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ሌላስ?» አለችኝ። የማስታውሰውን ነገርኳት። ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችኝ። ስድስት ዓመት አንድ ሰው ብቻ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑ፣ ይህችኛዋ ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቀች ጨምሪልኝ አለች።

እማማ ጥሩ አሁን ጋሼ ፈረደ ቤት ደርሰዋል። ከዚህ አምስት ሕንፃ አልፎ ነው። መብራታቸው ከኩሽናዬ መስኮት ይታያል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ከሰዓት በኋላ ነው የምጽፈው። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ኩሽና በሩን ገጠም አድርጌያለሁ።

ሽማግሌዎቹ ገና ጨለም ሳለ መጡ። አራት ሆነው ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ አልጮኸም። መሐል ላይ ለእማማ ጥሩ ቦታ ተዉ። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆምን። ማንም ውሃ እንኳ አልጠጣም። ደረጃው ላይ የጋሼ ፈረደ ሳል ሲሰማ አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

እማማ ጥሩ ገቡ። ትንሽ ሆነዋል። በነጠላቸው ሥር ሆቴል የሰጧቸውን ሹራብ ለብሰዋል፣ እግራቸው ላይ የስፖርት ጫማ። ዙሪያውን አዩ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ፎቶው የወረደበትን ምስማር አዩ። እኔ ምስማሩን ረስቼው ነበር።

«እትዬ፣ ነይ እዚህ አረፍ በይ» አሉ ጋሼ ፈረደ መሐሉን ቦታ እያሳዩ።

እማማ ጥሩ ወደ ሶፋው ሄዱ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ጫኑበት፣ አነሡት።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ።

ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ፣ ቀስ ብለው፣ ሶፋው እግር ሥር ባዶ ወለል ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ ሐዘንተኛ እንደሚያስረው።

«በል አንተ ፈረደ፤ ተቀምጫለሁ። ተናገር።»

ጋሼ ፈረደ ተናጋሪ ናቸው። ዛሬ ግን ጫማቸውን አውልቀው አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ከሶፋው ተነሥተው ወለሉ ላይ ወረዱ፣ አራቱም። ያኔ ነው ለቅሶው የፈነዳው።

እማማ ጥሩ ደረታቸውን እየመቱ «ልጄ ታከለ፣ ልጄ ታከለ» አሉ፤ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ድምፅ ነው፣ ከዚያ ትንሽ ሰውነት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። አስቴር ሮጣ ሄዳ አቀፈቻቸው።

ጋብ ሲል እጃቸውን መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። አወቅሁት። በላስቲክ የተጠቀለለ። ጋሼ ፈረደ እጃቸውን ዘረጉ። እማማ ጥሩ በወንድማቸው እጅ ላይ አልፈው ለኔ አቀበሉኝ።

«እንኪ። ያንቺ ናቸው።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሼ ፈረደ።

«የሴት ጉዳይ ነው። አንተ አልቅስ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። ያንቺ ናቸው ሲሉ ማርኩሽ ማለታቸው ይሁን ወርውረው መመለሳቸው፣ እስካሁን ኩሽና ቁጭ ብዬ አልለየሁትም። ጥቅሉ ጉያዬ ውስጥ ነው። የሳቸው ሙቀት አልለቀቀውም።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ለሰንበት ለቅሶ ስለሚቋረጥ ሰው ወደየቤቱ ሄዷል። እማማ ጥሩ ታጠቡ፣ ልብስ ቀየሩ፤ አስቴር ደግፋ ከወለሉ አነሣቻቸው። ሶፋው ላይ ጫፉ ላይ ተቀመጡ፣ እንደ እንግዳ።

«ወረቀቶቹን አምጪ» አሉኝ።

አመጣሁ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ መቼ አወቁ?»

«ከሁለተኛይቱ። የሰፈራችን ተማሪ ሲያነብልኝ፣ 'እናቴ፣ ጉልበትሽን እንዴት ያደርግሻል' ይላል። ታከለ ከተወለደ ጀምሮ ጉልበቴን ጠይቆኝ ያውቃል? የኔ ልጅ? 'እራት ደረሰ ወይ' ነው የሚለኝ።»

አስቴር ሳታስበው ሳቀች። እሳቸውም አፋቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጠፋ።

«ታዲያ ለምን መልስ ያስጽፉ ነበር?»

«ዝም ብልሽ ዝም ትዪኝ ነበራ። ማን ነበረኝ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ግን ስሚኝ ስንዱ። ሰው እያየኝ ማልቀስ አልቻልኩም። ልጅሽ ደህና ነው፣ ይጽፍልሻል ይሉኛል፤ ምን ብዬ ላልቅስ? ስድስት ዓመት ለቅሶዬን ወሰድሽብኝ። ይህን ይቅር እንደምልሽ ገና አላውቅም። አልዋሽሽም።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

ያንን ካሉ በኋላ ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ በሩን አየሁ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ሸርተት ብለው ጀርባቸውን አስደገፉ፤ እግራቸውን አንድ በአንድ አንሥተው ሶፋው ላይ አወጡ። መጀመሪያ የሚያመውን።

«የመጀመሪያዪቱን አንብቢልኝ። በራስሽ ድምፅ።»

አነበብኩ። ገና ፊደል ስማር የጻፍኩት፣ ግማሹ የተጣመመ። እርሱ ሰላም መሆኑን፣ ቤት መሰጠቱን፣ እንደሚናፍቃቸው። ናፍቆቱ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ታከለ የለም። ይህች አንቺ ነሽ።»

«አዎን።»

«ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። አንዷን ጨረስን። ዐሥር ቀርተዋል፤ ከሰንበት በኋላ ይነበቡ ይሆናል፣ ላይነበቡም ይችላሉ፤ እሑድ ጠዋት ጋሼ ፈረደ ሲመጡ አብሬህ ልሂድ ይሉ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አሁን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አስቴር ነጠላ እያለበሰቻቸው ነው። የመስኮቱ ብርሃን ቀልቷል፣ በሰንበት ደግሞ አይጻፍም፤ ብዕሬን ላስቀምጥ።